ወገብና የመስኮቱ ጎሚኒ

የምሥራች። «ምሥር ብዪ» እስክትሉኝ መጠበቅ አልቻልኩም፣ ቀድሜ ልናገረው፤ መኪናዋ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባችም። አሥር ደቂቃ ሙሉ በቱቦ ውሃ ተንቆርቁሮባት፣ ውስጧ ያነጠፍነው ሶፍት ከጥቅሉ እንደወጣ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። እኔ ራሴ በጣቴ ዳበስኩት፣ አላመንኩም፣ በጉንጬ ነካሁት። ደረቅ። ቁልፉም ከባለቤቱ ኪስ አልወጣም።

ባለቤቱ ማን ነው ብትሉ የታላቅ እህቴ ባል ነው። ደስታው የሱ ነው፣ እኔ ወሬውን የማዞር ሥራ ብቻ ነው የደረሰኝ። ሰው ሁሉ ወገብ ይለዋል። ስሙን ሰምታችሁ ጎበዝ ቢጤ መስሏችሁ ከሆነ ቆዩ፣ ልንገራችሁ።

ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ የሚሰፋ ሰው የለም። ይኼን ያልሠራበት አያውቀውም። አንዷ ኮሌታ ብቻ ትሰፋለች፣ አንዷ ዘርፍ ብቻ ታጥፋለች፤ ጨርቁ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ውሎ መጨረሻ ላይ ሰው የሚለብሰው ነገር ይሆናል። መጠሪያችንም በያዝነው ቁራጭ ነበር። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ኪስ ነበርኩ። እህቴ እጅጌ ነበረች። እሱ ወገብ። በጡረታ ስንሰናበት መቀሱንና መለኪያውን ተረከቡን፣ ስሙን ግን የሚረከበን ስላጣን ይዘነው ወጣን።

አሁን የወገብን ሥራ ልንገራችሁና ፍረዱ። ስፖርት መሥሪያ ሱሪ፣ የሕፃናት ሱሪ፣ እንዲህ ያለው ሁሉ ወገቡ ላይ ላስቲክ አለው። ላስቲኩ ከጨርቁ አጥሮ ይቆረጣል። ወገብ ጫፉን መርፌው ሥር ያስይዝና በግራ እጁ ወጥሮ ይጎትተዋል፤ እንደተወጠረ ይሰፋዋል፤ ሲለቀው ላስቲኩ ይሰበሰባል፣ ጨርቁም አብሮ ይጨማደዳል። አለቀ። ሃያ ስምንት ዓመት የሠራው ይኼንን ነው። አንድም ሱሪ ጀምሮ ጨርሶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ጎረቤት ሱሪ ሊያሳጥር ቢያመጣለት ጨርቁን አገላብጦ አየና «ይኼ የዘርፍ ሥራ ነው» ብሎ መለሰው። ጎረቤቱ እስከ ዛሬ የተሰደበ ይመስለዋል።

እንዲህም ሆኖ ኩራቱ አይጣል ነው። ፋብሪካ ሳለን ምሳ ቤት ተቀምጠን ማንኪያውን ወደ ላይ ያነሣና «ሸሚዝ እጅጌ ባይኖረውም ይለበሳል። ሱሪ ወገብ ባይኖረውስ?» ብሎ እንደ ዳኛ ዙሪያውን ያያል። ይኼን የሚለው እህቴን እያየ ነው። እሷም የእጅጌ መስመር አንደኛ ነበረችና አትለቀውም፣ ሲከራከሩ ከርመው ተጋቡ። ምን ታይቷት እንደሆነ ስንት ጊዜ ጠይቄያት የምትመልስልኝ «ድምፁ ጥሩ ነበር» ነው።

መኪናዋን የገዛት ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ ከአንድ ሟች የሙዚቃ አስተማሪ ሚስት ነው። ባለ ሁለት በር ናት፣ በዕድሜ ከኔ በጥቂት ዓመት ታንሳለች። ቀለሟ ነጭ ነው ይላል። ነጭ እንዲህ ሲሆን ያየሁት ጥርስ ላይ ብቻ ነው። አፍንጫዋ ክብ፣ መሪዋ እንደ ትሪ ሰፊ፣ መስታወቷ በእጅ እየተዘወረ የሚወርድ። መንገደኛ ቆሞ ያያታል፤ ሰው ቆሞ ሲያይ ደግሞ ወገብ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሯ ይጠፋል፤ ከዚያ ያ ቆሞ ሲያደንቅ የነበረው መንገደኛ ይገፋታል። አድናቂዎቹን በሙሉ እንዲህ ነው የጨረሳቸው።

ብቀልድበትም ገብቶኛል። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የያዘው ቁራጭ ነው። ይቺ ግን ከፊት መብራቷ እስከ ኋላ መብራቷ ሙሉዋን የሱ ናት። ጠዋት ወጥቶ ሲያያት ፊቱ ላይ የሚነበበው እሱ ነው።

ሙሉዋን ስላችሁ ከጎሚኒው በስተቀር። በበሯ መስኮት ዙሪያ መስታወቱን አቅፎ ውሃ የሚከለክለው ጎማ፣ ጎሚኒ የሚሉት፣ እንደ ከረመ ብስኩት ሆኖ ነበር። ሲነኩት ጥቁር ዱቄት ይረግፋል። ዝናብ የጣለ ቀን ውሃው በመስኮቱ ማዕዘን ይገባና የተሳፈረው ሰው ትከሻ ላይ ይንጠባጠባል። እህቴ አንድ ፌስታል ጭኗ ላይ፣ አንድ ፌስታል ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነበር የምትሳፈረው። «እንዴት ነው ጉዞው?» ይላታል ተሽቀርቅሮ እየነዳ። «ታጥቤ ወጥቻለሁ» ትለዋለች።

መንገዳችን ጫፍ ላይ የባትላሜራው ጋራዥ አለ። የተጣመመ ላሜራ በመዶሻ እየቀጠቀጠ የሚያቃና ሰው ነው፤ ያቃናው በር ሁሉ ግን ለመዘጋት ትከሻ ይፈልጋል። ግቢው ውስጥ ልክ የወገብን መኪና የምትመስል፣ በሮቿ የተነቀሉ ቀፎ በአራት ድንጋይ ላይ አስቀምጧል። እንግዲህ ዐይኑ ያረፈበት ምን እንደሆነ ገብቷችኋል። ጠዋት ጠዋት በእኛ በር ሲያልፍ ቆም ብሎ የመኪናዋን በር በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ሐኪም የሰው ደረት እንደሚያንኳኳ። «ጤነኛ ላሜራ ናት» ይላል። «አንተ ጋ ግን አትቆይም፣ ጋሽ ወገብ።»

አንድ ቀን ሻይ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ወገብ ጎሚኒውን ራሱ ሊቀይር እንዳሰበ ተናገረ። ምን አስቸኮለው አትበሉኝ፣ ያላለቀ ነገር ማውራት ልማዱ ነው።

«አንተ?» አለ ባትላሜራው። «ጎሚኒ ሱሪ መሰለህ እንዴ?»

«ልብስ ሰፊ የማይገጥመው ነገር የለም።»

«ልብስ ሰፊ ቢሆንማ እሺ። አንተ ላስቲክ ነህ።»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ወገብ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠና ማንም ያልጠየቀውን ነገር ተናገረ።

«ከዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ ላቫጆ ወስጄ በቱቦ አስመታታለሁ። አንዲት ጠብታ ከገባች ቁልፉን ውሰድ።»

«ባትገባስ ምን ልስጥህ?»

«ባትገባማ በሬን ማንኳኳት ትተዋለህ። ደግሞ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት “ጋሽ ወገብ ሠራተኛ ነው” ትላለህ።»

ልብ በሉ። በአንድ በኩል መኪና፣ በሌላ በኩል አንድ ዓረፍተ ነገር። ባትላሜራው እጁን የዘረጋበት ፍጥነት! ሲጨባበጡ ሳየው እህቴን በምን አፌ እንደምነግራት ነው ያሰብኩት። የነገርኳት ዕለት ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም። «ቃሉን ከሰጠ ሰጠ» አለችኝ። «አሁን ጎሚኒውን የሚገጥመው ማን ነው?»

«ራሱ።»

ያን ጊዜ ቢላዋው ቆመ።

በሚቀጥለው ቀን ወገብ ከመለዋወጫ ሻጩ አንድ ጥቅልል ጎሚኒ ይዞ መጣ። ሥራውን ሲጀምር፣ እውነቱን ልናገር፣ የሚያምር ነበር። አሮጌውን በካቻቢቴ ጫፍ እየፈለቀቀ አወጣው። መስታወቱ የሚያልፍበትን የብረት ቦይ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈተገው፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አነሣው፣ በቤንዚን ጨርቅ ወለወለው። ግቢው እንደ ነዳጅ ማደያ ሸተተ። ከዚያ ጎማው እንዲንሸራተት የሳሙና ውሃ በሳህን በጥብጦ ጎሚኒውን መግጠም ጀመረ። እኔ ሳህን ያዥ ነበርኩ። ጫፉን ቦዩ ውስጥ በቀኝ አውራ ጣቱ አስያዘና በግራ እጁ፣ አይ ግራ እጅ፣ ጎማውን ወጥሮ ሳበው።

«ጋሼ፣ ለምንድነው የምትስበው?» አልኩት።

«ጠበቅ እንዲል ነዋ። አንቺ ኪስ ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ? ኪስ መጥበቅ የለበትም።»

እየሳበ፣ እየወጠረ፣ ሁለቱንም በር በአንድ ከሰዓት ጨረሰ። መጨማደድ የለ፣ መንሻፈፍ የለ፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ መስመር ነው። ትርፉን ቆረጠ። ከየበሩ ከአንድ ስንዝር በላይ ጎማ ተርፎት ነበርና ቁራጮቹን እንደ መለኪያ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በመንገዱ ላይ ተመላለሰ። «ተረፈኝ» ይላል ላገኘው ሁሉ። «ሠራተኛ ሲሠራው ይተርፋል።»

ባትላሜራው ጠዋት ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ የላይኛውን ማዕዘን በጥፍሩ ነካ አደረገና «ቆንጆ ነው» አለ። ወገብ ደስ ብሎት ቤት ገባ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ያ ሰው በዕድሜው ቆንጆ ነው ሲል የሰማሁት የሌላ ሰው ስህተት ሲያይ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ተከታታይ የፀሐይ ቀን ሆነ። ድፍን ሁለት ሳምንት ላሜራው እጅ የሚፈጅ ፀሐይ ነው። ወገብ ቀን ቀን ጥላ ሥር ተቀምጦ በሮቹን ከሩቅ ያያል። ማታ ማታ ይሸፍናታል። ሊሞክራት ግን አይፈልግም፤ «ቅዳሜ ታዩታላችሁ» ይላል። ውርርዱ በደረሰበት ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ እህቴ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ በመኪናዋ በኩል አለፈችና ቆመች። ጎንበስ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትጨምር ጠራችው።

«ወገብ፣ ና እስቲ። ሱሪህ ወርዷል።»

እሱ በድንጋጤ ወገቡን ያዘ። ቀበቶው ቦታው ላይ ነው። እሷ የምታሳየው በሩን ነበር። ጎሚኒው ከፊት ለፊት ጫፉ ሸሽቶ የትንሽ ጣቷን ያህል ክፍተት ትቷል፣ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ከቦዩ ተነሥቶ እንደ ተቆጣ ከንፈር ተንጠልጥሏል። ሌላኛውም በር ያው ነው። እህቴ ጣቷን በክፍተቱ አሾልካ ከውስጥ በኩል አወዛወዘችለት።

ወገብ መጀመሪያ ፀሐይን ከሰሰ። ቀጥሎ ጎማውን የሠራውን ፋብሪካ ከሰሰ። ከዚያ መለዋወጫ ሻጩን፤ ከዚያ «ባትላሜራው ሌሊት መጥቶ ስቦታል» አለ። የግቢያችን ውሻ አልጮኸማ ብለው «ውሻው ይወደዋል» አለኝ። ከሳሽነቱ ወደ እኔና ወደ ሳሙናው ውሃ ሊዞር ሲል እህቴ የልብሱን ቅርጫት አስቀመጠች።

«እኔ የምልህ፣ ላስቲክ ስበህ ስትሰፋ ከለቀቅከው በኋላ ምን ይሆናል?»

«ይሰበሰባል።»

«ሁልጊዜ?»

«ካልተሰበሰበማ ምኑን ወገብ ሆነ?»

«ታዲያ ይኼስ ጎማ አይደለም?»

ጎንበስ ብሎ የሸሸውን ጫፍ አየ። ሃያ ስምንት ዓመት፣ በቀን ስንት መቶ ጊዜ፣ በገዛ እጁ ሲሰበሰብ ያየውን ነገር፣ በር ላይ ሲሆን አላወቀውም። ሌላ ሰው ቢሆን የማያውቀውን ነው የሚሳሳት። የእኛ ሰው የተሳሳተው ከሁሉ አስበልጦ በሚያውቀው ነው። ለዚህ ደግሞ ልዩ ችሎታ ያስፈልጋል።

«ምን ይሻላል?» አለ በመጨረሻ። ለሷ ሳይሆን ለመኪናዋ ነው ያለው።

«እንደ እጅጌ ይገባል» አለችው። «የእጅጌው አፍ ሁልጊዜ ከብብቱ ቀዳዳ ሰፋ ብሎ ይቆረጣል። ካልሰፋ ክንድ አይነሣም። ትርፉን ሳታጨማድድ፣ ጠጋ ጠጋ እያደረግክ ታስተኛዋለህ። ጎማውንም ከቦታው አስረዝመህ ቁረጠው።»

«አስረዝሜ? ትርፉ የት ይገባል?»

«እዚያው።»

«በመኪና ላይ እጅጌ አልሰፋም» አለና ቤት ገባ።

እንግዲህ ፍረዱ። መኪናዋ ልትሄድ ሦስት ቀን ቀርቷል፣ የሚያድናት ነገር ተነግሮታል፣ እሱ የምሳ ቤቱን ክርክር ይዞ ቁጭ ብሏል። ረቡዕን እንዲህ ዋለ። ሐሙስ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረና ካፊያ ጀመረ። ወገብ ተነሥቶ ወጣ፣ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። በቤቱ መስኮት እኔና እህቴ እናየዋለን። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የትም ሳይሄድ፣ ፊት ለፊት እያየ ተቀምጧል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲመለስ የሸሚዙ ግራ ትከሻ እስከ ክርኑ ርሷል። ይቅርታ ብሎ ከሆነ አልሰማሁም። በሩ ላይ እንደቆመ የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

«ለየበሩ ምን ያህል ላስረዝም?»

«አራት ጣት» አለች እህቴ።

ዓርብ ማለዳ አዲስ ጥቅልል ገዝቶ መጣ። እህቴ ራሷ እንዳትገጥመው አውራ ጣቶቿ አይታጠፉም፤ ስንት ሺሕ እጅጌ ሲያስተኙ ኖረው ደርቀዋል። ስለዚህ ጣቱ የሱ፣ ዕውቀቱ የሷ ሆነ። በርጩማ አስወጥታ በበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እኔ ሳህኔን ያዝኩ።

«መጀመሪያ ሁለቱን ጫፍ አስይዝ። አሁን መሐሉን። አሁን የመሐሉን መሐል።»

እንዳለችው አደረገ። በተያዙት ቦታዎች መካከል ትርፉ ጎማ እንደ ድልድይ ሽቅብ ጎበጠ። ወገብ ላብ ላብ አለው። በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ጉብታውን ትንሽ አስተኛና፣ እንደ ደነበረ እንስሳ፣ ግራ እጁ ሄዶ ጎማውን ሳበው።

«አትጎትት።»

«አልጎተትኩም።»

«እጅህ ጎትቷል።»

«ልማድ ነው፣ ምን ላድርገው?»

«ኪስህ ክተተው።»

ግራ እጁን ኪሱ ከተተ። ሦስት ጊዜ ገፍቶ በአራተኛው እጁ ከኪሱ ወጥቶ ጎማው ላይ ተገኘ። መልሶ ከተተው። እንደገና ወጣ። እኔ በሳቅ የሳሙናውን ውሃ ጫማዬ ላይ ደፋሁት። እህቴ ግን አልሳቀችም፤ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባችና አፍ እስከ ገደፉ ሻይ የሞላ ብርጭቆ ይዛ መጥታ ግራ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ያዝ። ከጎተትክ ትቃጠላለህ።»

እንዲህ ሆኖ ተገጠመ ብላችሁ ታምናላችሁ? ሰውዬው በአንድ እጁ ትኩስ ሻይ ዘርግቶ እንደ ሐውልት ቆሟል፣ በሌላኛው አውራ ጣት ጎማ እየገፋ ያስተኛል። ሻዩ እንዳይፈስበት ዐይኑ ግማሹ ብርጭቆው ላይ ነው። መሳብ ሲያምረው ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፣ እህቴ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፣ እሱ ይመለሳል። አራት ጣት ትርፍ ጎማ በትንሽ በትንሹ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ጉብታ የለም፣ ጭምድድ የለም፣ ጫፉ ከበሩ ጋር ተናንቆ ቀረ። ጥፍር እንኳ አያስገባም፣ ሞክሬዋለሁ። በዚህ ጊዜ የተረፈ ቁራጭ አልነበረም፣ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ነገር አጣ። ሻዩን እንደቀዘቀዘ ጠጣው።

ይኸው ዛሬ ቅዳሜ ነው። ላቫጆው ጋ ሻይ ቤቱ በሙሉ ብርጭቆውን እንደያዘ መጥቶ ነበር። ባትላሜራው የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፣ መኪና ሊረከብ የመጣ ሰው ነዋ። የወንበሮቹን ጀርባ፣ የበሮቹን ሥር፣ የመስታወቱን ከንፈር በሶፍት አለበስነው። ባትላሜራው ግን ሶፍት አላመነም።

«ውስጥ እኔ እቀመጣለሁ» አለ። «ጠብታዋን በዐይኔ ነው የማያት።»

ገብቶ በሩን ዘጋ። አጣቢው ቱቦውን ከፈተ። ውሃው ጣሪያዋ ላይ፣ መስኮቷ ላይ፣ በተለይ እነዚያ ማዕዘኖች ላይ ሲወርድ የወገብ ግራ እጅ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉን ጨብጦ። እኔ ቁልፉ በጨርቁ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር። በአራተኛው ደቂቃ ባትላሜራውን ማየት አቃተን። መስታወቱ ከውስጥ እንደ ወተት ነጣ። አንድ ጊዜ የእጁ መዳፍ መስታወቱን ሲጠርግ አየን፣ ከዚያ ያም ጠፋ።

አሥር ደቂቃው ሲሞላ በሩ ተከፈተና ሰውዬው ወጣ። ቀልቷል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ግን ፈገግ እያለ ነው።

«ጠብታ አለ» አለ። «ግቡና እዩ። መስታወቱ ላይ ይወርዳል።»

ጎንበስ ብለን አየን። እውነቱን ነው፤ በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብታዎች ቁልቁል ይወርዳሉ። ወገብ አየ፣ እንደገና አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ እጁን ከኪሱ ማውጣት ጀመረ። አይ፣ ያን ጊዜ የነበረውን ፊቱን ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ እንኳ የምቀልድበት ነገር አጣሁ። የቁልፉ ቀለበት ብቅ ሲል እህቴ ክንዱን ያዘችው።

«ቆይ» አለች። አንገቷን በሩ ውስጥ አስገብታ ዞር ዞር ብላ አየች። «ሶፍቱ ደረቅ ነው» አለች። «በጎሚኒው ሥር ያለውም፣ ወንበሩ ላይ ያለውም።»

«ጠብታው ግን ይኸው ነዋ፣ እትዬ እጅጌ» አለ ባትላሜራው።

«አዎ። የፊተኛው መስታወት ላይም አለ። ስፖኪዮው ላይም አለ፣ መሐል ላይ የተንጠለጠለው።» አንገቷን አወጣችና አየችው። «ውሃው በስፖኪዮ ነው የገባው?»

አጣቢው ቱቦውን ለቀቀው፣ እየሳቀ። እህቴ ቀጠለች።

«ትንፋሽህ ነው፣ ወንድሜ። አየር የሚወጣበት ቀዳዳ አልተገኘማ። ትንሽ ብትቆይ ታፍነህ አንተን በቃሬዛ ነበር የምናወጣህ።»

ሻይ ቤቱ በሙሉ ተራ በተራ አንገቱን እያስገባ ሶፍቱን ነካ። እኔ በጉንጬ የነካሁት ያን ጊዜ ነው። ባትላሜራው ራሱም ነካው፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ ለጫማው የሚነግር ይመስል፣ «ጋሽ ወገብ ሠራተኛ ነው» አለ።

«አልሰማሁም» አለ ወገብ።

«ሰምተሃል።»

እዚህ ላይ የእህቴ ባል ወደ ሚስቱ ዞሮ አመሰገነ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ውሸት ይሆናል። ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የባትላሜራውን ትከሻ መታ መታ አደረገና ለተሰበሰበው ሰው ንግግር ጀመረ። ጎማ አይሳብም አለ። የሳበ ሰው ጎማ አያውቅም አለ። ሁለቱ ጫፍ ይያዛል፣ ከዚያ መሐሉ፣ ከዚያ የመሐሉ መሐል፤ ትርፉ እዚያው ይተኛል። ይኼን ሁሉ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣ ይመስል ነበር። ሰው አፉን ከፍቶ ያዳምጠዋል። አንዱ ከየት እንደተማረው ቢጠይቀው ደረቱን ነፋና ምን አለ መሰላችሁ?

«እኛ እጅጌዎች» አለ፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው።»

እህቴን አየኋት። ፈገግ ብላ በሩን ከፍታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ያለ ፌስታል፤ መስኮቱን ግን አወረደችው፣ የባትላሜራው ትንፋሽ እንዲወጣ። ወገብም ንግግሩን ሳይጨርስ ተጠርቶ ገባ። ሞተሩን አስነሡት፣ ጠፋ፣ አስነሡት፣ ሄዱ። ባትላሜራው ራሱ ነበር የገፋቸው።

ወገብ! ሃያ ስምንት ዓመት እጅጌን ሲንቅ የኖረው ወገብ፣ እጅጌ ነኝ አለ፣ በአደባባይ፣ በምስክር ፊት። ከፋብሪካው የወጣን ሁሉ ይኼን ካልሰማን ምን ቀረን? ኮሌታ ገና አልሰማችም። ሁለት መንገድ ተሻግራ ነው የምትኖረው፣ የባትላሜራው ሚስትም በዚያ በኩል ነው ገበያ የምትወርደው፤ ቀድማኝ ከደረሰች ደግሞ ገልብጣ ነው የምታወራው። ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም፣ ነጠላ ጫማዬ የት ገባ፣ ይሁን፣ በዚህኛው እሮጣለሁ።